ህልም ነው ያሉኝ

ከመተኛቴ በፊት አልጋዬ ላይ እግሬን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እንድቆጥር ያስተማሩኝ፣ በሰርቪስ ቤታችን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት መምህር ደረሰ ናቸው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ሰማንያ አንድ ነው፤ ከተማዋንም ገና አዋሳ እያልን የምንጠራበት ጊዜ።

ነገሩ የመጣው በአባ ኮዳ ምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር የዓሣ አንጀት እየለቀሙ የሚውሉትን፣ ራሳቸው የተመለጠውን፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የሚያንጠለጥሉትን እነዚያን ትልልቅ ወፎች የአዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቀን ቀን አልፈራቸውም፤ ድንጋይ ሁሉ ወርውሬባቸዋለሁ። ማታ ግን አንዱ እየመጣ እግርጌዬ ይቆም ነበር። ምንም አያደርገኝም። ቆሞ ያየኛል፣ እኔም ሰፈሩ እስኪነቃ እጮሃለሁ።

እናቴ እታፈራሁ የግብርና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ አላስታውሰውም። እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ፣ ትራሴ ሥር ዳዊት አስቀመጠች፣ እራት እንዳላበዛ ከለከለችኝ። አባ ኮዳው ግን አልቀረም። አንድ ቀን ጠዋት መምህር ደረሰ ግቢ ውስጥ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሳለ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«ልጅቷ እንቅልፍ ነሳችዎት አይደል መምህር?»

«የእኔ እንቅልፍ ከባድ ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ ግን ተማሯል፤ ያለ ሰዓቱ ነው የሚጮኸው» አሉ። ከዚያ ይርጋለም ተማሪ ሳሉ ስለነበራቸው ሚስተር ኩርያን ስለሚባል ህንዳዊ የሒሳብ መምህር አወሩላት። ሰውየው ከመተኛቱ በፊት በጽሞና ይቀመጣል። እንቅልፍ ሲወስደውም ህልሙ ውስጥ እንዳለ «ይሄ እኮ ህልም ነው» ብሎ ይነቃል፤ ግን አይነሣም፤ እዚያው ህልሙ ውስጥ ነቅቶ እንደልቡ ይሆናል። ለተማሪዎቹም አስተምሯቸዋል። «ህልም መሆኑን ያወቀ ሰው አይፈራም፣ ወይዘሮ እታፈራሁ።»

እናቴ ግራ ቀኝ አየች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ይሄ የእናንተ የጴንጤ ጸሎት አይደለም?»

«ትንፋሽ መቁጠር ሃይማኖት የለውም።»

«ያላማተቡበት ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።»

«ታማትብና ትጀምር። እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ እየሳቁ።

እንዲህ ሆኖ በየማታው አማትቤ እቀመጥ ጀመር። ጀርባ ቀጥ፣ እጅ ጉልበት ላይ። ትንፋሽ ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ ሁለት፣ እስከ መቶ። ሐሳቤ ከሄደ እንደገና ከአንድ። መቶ ሲሞላ በልቤ «ዛሬ ማታ ህልም አያለሁ፣ ህልም መሆኑንም አውቃለሁ» ብዬ እተኛለሁ። መለያውንም አስተማሩኝ። «መዳፍሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ቁጠሪ። ህልም ውስጥ ጣት አይታመንም፤ ስድስት ይሆናል፣ ሰባት ይሆናል፣ አንዳንዴ እንደ ሻማ ይቀልጣል። አምስት ሆኖ ከረጋ ነቅተሻል ማለት ነው።» ቀንም እንድለማመደው ስላዘዙኝ ክፍል ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ምግብ ፊት ጣቴን ስቆጥር እውል ነበር። የሒሳብ አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ ልጅሽ እስከ አምስት መቁጠር ይከብዳታል አለቻት።

በሦስተኛው ሳምንት አባ ኮዳው ሲመጣ እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቼ ሰባት ነበሩ። «አንተ ህልም ነህ!» አልኩት። እንዳፈረ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ዞረና ክንፍ እያለው በበሩ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጥቼ ጣሪያው ላይ ቆምኩ፤ የታቦርን ተራራ በእጄ ዳበስኩት። ሲነጋ ለመምህር ደረሰ ስነግራቸው መፋቂያቸውን ጥለው አጨበጨቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ካሳሁን ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት ቤት ይውል ነበር። «ባለ ህልሟ» እያለ ይጠራኛል። በዚያ ሰሞን ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት አበዙ። ዙር፣ ኮታ፣ ጥሪ የሚሉ ቃላት በአጥር በኩል ይመጣሉ። አንድ ቀን እናቴ «የገብረየስ ልጅ ታፈሰ» ስትል ሰማሁና «ስሙ ሸዋንግዛው አይደል እንዴ?» አልኳት። ካሳሁን እንኳ አልሳቀም። ከመንገድ ላይ ለውትድርና የሚታፈስ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ታፈሰ ለእኔ የሰው ስም ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ካሳሁን ጠፋ። «ክብረ መንግሥት አጎቱ ጋ ሄደ፣ ወርቅ ሊቆፍር» አለችኝ እናቴ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀየምኩት። ከኮርኒሱ በላይ ኮሽታ የተጀመረውም ያን ሰሞን ነው። አይጥ ነው ተባልኩ።

«እማዬ፣ አይጡ አሳለ።»

«አይጥ ያስላል እንዴ? ተኚ አንቺ።»

እኔና እናቴ የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ በሁለት አልጋ ነው። ጥግ ላይ ቁም ሳጥን አለ፤ ከቁም ሳጥኑ በላይ ኮርኒሱ ላይ ለመብራት ሠራተኛ መግቢያ የተተወ አራት ማዕዘን ክዳን። አንድ ሌሊት ዓይኔን ስገልጥ፣ በመስኮት በሚገባው የመንገድ መብራት፣ ከዚያ ክዳን የሰው እግር ተንጠልጥሎ አየሁ። ጮህኩ። የእናቴ እጅ አፌን ከደነው፤ ካርቦን ወረቀት ካርቦን ወረቀት ይሸት ነበር። ውጭ የቀበሌ ጥበቃዎች ኮቴ ቆመ። «ምንድን ነው እዚያ?» አለ አንዱ። እናቴ «ምንም አይደለም ወንድሞቼ፣ ልጅቷ ናት፣ ቅዠቷ ነው!» አለች። ቀና ስል እግሩ የለም፤ ክዳኑ እንደ ወትሮው ተገጥሟል።

ጠዋት እናቴ መምህር ደረሰን ጓሮ ወስዳ አነጋገረቻቸው። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ነበርኩ። የሷን ድምፅ ነው የሰማሁት። «ከእርስዎ ሌላ ለማን እነግራለሁ» አለች። እሳቸው ስለ ልጅና ስለ ውሸት አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም አልተሰማኝም። «ትጩህ ታዲያ? ትጩህና ይምጡ?» አለች እናቴ።

ማታ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ተቀመጡ።

«ብዙአየሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣት አንቆጥርም።»

«ለምን?»

«ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈሻል።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። «ካሳሁን ከመጣ አትጩሂ። ዝቅ ባለ ድምፅ አናግሪው። ህልም ነው።» «ህልም ነው» ያሉት ከጉሮሯቸው ሳይወጣ ነው። እኔ ግን ክፍል ማለፌን ብቻ ሰማሁ። ሁሌም ከክፍሌ አንደኛ ለመውጣት የምሞት ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ካሳሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል። ትንፋሼን ቆጥሬ፣ በልቤ ጠርቼው እተኛለሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ቁም ሳጥኑ ላይ እግሩን አሳርፎ እንደ ድመት ሲወርድ አየዋለሁ። የእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ ይበላል። ጢሙ አድጓል። ጸጉሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ሳል ሲመጣበት ትራስ አፉ ላይ ይጭናል።

«ወርቅ አገኘህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ክብረ መንግሥት ሩቅ ነው። እንዴት ቶሎ መጣህ?»

«በህልም መኪና።»

«ሹፌሩስ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ማን መሰለሽ?»

ኩራት ደረቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «እማዬም ህልሜ ውስጥ ናት?»

እናቴ ጨለማው ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «አዎ፣ እሷንም አንቺ ነሽ ያመጣሻት» አለ ካሳሁን። «ለዚያ ነው እንዲህ ዝም ያለችው። ያንቺ ህልም ውስጥ ባይሆን መች ዝም ትላለች!» እናቴ ስትስቅና ስታለቅስ በአንድ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

አንድ ሌሊት ትእዛዝ ጣስኩ። ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጌ በመንገዱ መብራት መዳፌን ዘረጋሁ። አምስት። ደገምኩ። አምስት። ግራዬም አምስት።

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር እዚህ ጋ ስደርስ፣ «እኔማ ሕፃን ነኝ፤ በጣም ከመጎበዜ የተነሣ ጣቶቼም ህልሜ ውስጥ ይታዘዙልኛል አልኩ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ የልጅ ነገር ይላል። እውነት ነው፣ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ባዶ እግሬን የሚነካኝ ሲሚንቶ ዓይነት ቀዝቃዛ ነገር። ነካኝ፣ አወቅሁት፣ መልሼ እግሬን አልጋ ላይ ሰቀልኩት። ሐኪምም ንስሐ አባቴም ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር ይሉኛል። የቆጠርኩት ግን እኔ ነኝ።

ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ከዚያ በላይ ግን የሚታወቁት በህልም ፈቺነታቸው ነው። ሴቱ ሁሉ ጠዋት ቦኖ ውኃ ሊቀዳ ሲሰለፍ የሌሊቱን ይነግራቸዋል። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? ክፉ ለሚፈታ ሰው ህልም አይነገርም፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈቱት ለመልካም ብቻ ነው። ጥርስ ሲወልቅ ያየችውን «ዕድሜ ነው»፣ ጎርፍ ያየችውን «ሲሳይ ነው» ይሏታል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሞገስ። ባለፈው ዓመት ዙር ዘምቷል። ሊቀመንበሯ የራሷን ልጅ ደብቃ የሰው ልጅ ልትጠራ አትችልምና፣ በገዛ እጃቸው ቀበሌ አድርሰው አስረከቡት። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ራሳቸው ህልም አያዩም ነበር። «እንቅልፍ ሳይኖር ህልም ከየት ይመጣል?» ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ቦኖው ጋ ጀሪካኔን ደቅኜ ሳለ መጡ።

«ብዙዬ፣ ጩኸትሽ ጠፋ። እንደ ስምሽ ብዙ ማየት ተውሽ እንዴ?»

«አልተውኩም። አሁን ግን ህልሜ ውስጥ እነቃለሁ። የፈለግሁትን ሰው እጠራለሁ።»

ሳቁ። «ማንን ጠራሽ ለመሆኑ? ንጉሥ ሰሎሞንን?»

«ካሳሁንን። እየመጣ ያወራኛል።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ላይ ሄደ። ቁጢጥ ብለው ከቁመቴ እኩል ሆኑ። እጄን ሲይዙኝ እጃቸው ርጥብ ነበር።

«እስቲ ሞገስን ጥሪልኝ። አንዴ ብቻ። ምንም እንዳትጠይቂው። ምን እንደለበሰ ብቻ አይተሽ ንገሪኝ። ይበርደው እንደሆነ።»

በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ መቶ ቆጠርኩ። ሞገስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን በየጠዋቱ ቦኖው ጋ ቆመው ይጠብቁኛል፤ በነጠላቸው ጫፍ ብስኩት ቋጥረው። ብስኩቱን እበላለሁ፣ «ዛሬ አልመጣም» እላለሁ። በአምስተኛው ቀን ፀጉሬን ዳበሱኝ።

«ተይው የኔ ልጅ። እኔው ነኝ ቂሏ። የልጅ ጨዋታ ይዤ ቁም ነገር አደረግሁት።»

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። እኔ ጨዋታ አልነበርኩም፤ ክፍል ያለፍኩ ነኝ።

«እውነቴን ነው! ካሳሁን ይመጣል!»

«እሺ ይመጣል።»

«ጢሙ አድጓል! ጸጉሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ሲያስል ትራስ አፉ ላይ ያደርጋል። የሚወርደው ከኮርኒሱ ነው፣ በቁም ሳጥኑ ላይ። ትናንት ጋሽ ደረሰ ያመጡትን ቆጮ በላ። ጠዋት ሳህኑን ሳየው ባዶ ነው!»

ጀሪካኑ ሞልቶ ውኃው ጫማችን ላይ ሲፈስ ሁለታችንም አልዘጋነውም።

«ይፍቱልኝ እንጂ እትዬ» አልኳቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን «ለመልካም ነው» ይሉ ነበር። ቦኖውን ዘጉት። ነጠላቸውን አጣፉ። የራሳቸውን ጀሪካን እዚያው ትተው ሄዱ።

የመጡት በሁለተኛው ቀን፣ ትምህርት ቤት ልሄድ ዩኒፎርሜን ለብሼ ሻይ ስጠጣ ነው። ሁለት መሣሪያ የያዙ ጥበቃዎችና ጠሀ የሚባለው የቀበሌው ጸሐፊ። አልጋ ሥር አላዩም፣ ኩሽናም አልገቡም። በቀጥታ መኝታ ቤት ገብተው ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆሙና ጠሀ ቀና ብሎ፣ «ካሳሁን፣ ውረድ ወንድሜ። ኮርኒሱን አታስፈርሰን» አለ።

ክዳኑ ተከፈተ። ካሳሁን በቀን ብርሃን ወረደ። ሌሊት የማየው እንዲህ ከሲታ አልነበረም። የእግሩ መዳፍ ኖራ የረገጠ ይመስል ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ፊቴ አነሣሁ፣ ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ ቆጠርኩ። ካሳሁን የምሰናበተው መሰለው። እሱም እጁን አንሥቶ አወዛወዘልኝ። «አይዞሽ፣ ባለ ህልሟ» አለኝና በመካከላቸው ሆኖ ወጣ።

እናቴ አላለቀሰችም። የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ይዘው ግቢው መሐል ወደ ቆሙት ወደ መምህር ደረሰ ሄደች።

«አንተ ነህ!»

እናቴ እሳቸውን አንተ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከጥይት በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? ንገረኝ፣ ማን ያውቃል? በቤቴ አኑሬህ! ስንት ሰጡህ?»

መምህር ደረሰ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ከእናቴ ትከሻ በላይ እኔን አዩኝ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም፤ እጄ ገና እንደተዘረጋ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አፋቸውን ዘጉ።

«ልብሴን ልሰብስብ» አሉ።

አጥር ላይ የተንጠላጠለው ጎረቤት «ጴንጤ ምኑ ይታመናል!» አለ። አንዲት ሴት ተፋች። ከሰዓት በፊት አንድ ሻንጣና በገመድ የታሰረ መጽሐፍ ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ጎንበስ አሉልኝ።

«ብዙአየሁ፣ ከእንግዲህ ህልምሽን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም። በተለይ ለእናትሽ።»

ሦስተኛው ክፍል መሰለኝ። እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን ነቀነቅሁ።

ማታ እናቴ አቅፋኝ፣ ሌሊት ሌሊት ያየሽው ሁሉ ህልም ነው፤ ወንድምሽ ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው የመጣው አለችኝ። አመንኩላት። ማለት፣ እንዳመንኩ ሆንኩላት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ ለእትዬ ጥሩወርቅ የነገርኩት እኔ ነኝ የሚል። ያን ሳምንት አልተናገርኩትም። ያን ዓመትም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ ሲገባኝ፣ ጨርሶ የማይነገር ሆኖ ነበር።

በሰማንያ ሦስት ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ጎረፈ። እናቴ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ መናኸሪያ ሄዳ ትቆም ነበር፤ እኔም እጇን ይዤ። ከወዲያኛው ጥግ እትዬ ጥሩወርቅ ይቆማሉ። አይነጋገሩም፤ ሁለቱም የሚወርደውን ሰው ፊት ያያሉ። ሰኔ ላይ ሞገስ ከአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ እያነከሰ ወረደ። እናቱ እልል አላሉም። እናቴን ከሩቅ አዩአት፤ ልጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸፍነው በጓሮው መንገድ ወሰዱት። እኛ እስከ መስከረም ቆምን። መስከረም ላይ ከካሳሁን ጋር የነበረ አንድ ልጅ መጥቶ፣ ወሎ ውስጥ በወባ እንደሞተ ነገረን። በጥይት እንኳ አልነበረም።

የመምህር ደረሰን ነገር የሰማሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የመድኃኒት ቤት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ ከአንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት። ጠቆመ የተባለን ሰው ደግሞ ተደብቆ የሚሰበሰብ ሰው አያስገባም። አንድ ማታ በር ዘጉባቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ፣ ጸሎት ቤቱ በይፋ ሲከፈት፣ ከኋላ ወንበር ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር አለኝ። ጡረታ ወጥተው ታቦር ጀርባ እንደሚኖሩም ነገረኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ባህል አዳራሽ መሻገሪያው ጋ አየኋቸው፤ ሸብተው፣ ጃንጥላ ይዘው። አንድ ሜትር ያህል ሲቀረን ያልጠራሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ባለፈው ግንቦት እትዬ ጥሩወርቅ ሞቱ። እናቴ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ በምርኩዝ ሄዳ ቀበረቻቸው፣ አለቀሰችላቸውም። ከቀብር ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ስለ ሟቿ ደግነት ስታወራ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ካሳሁንን ያስያዙት ጋሽ ደረሰ አይደሉም። እኔ ነኝ። ለእትዬ ጥሩወርቅ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታ ቆየች።

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በሳምንቱ። ራሷ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ልጅሽ ህልሜ ነው ብላ ነገረችኝ፣ ኮታችን ጎድሎ ነበር፣ የእኔ ሄዶ የሰው ሲቀር ልቤ አልቻለም አለችኝ።»

«በሳምንቱ! ታዲያ ለምን አልመለስሻቸውም?»

«ምን ብዬ ልመልሳቸው? እሳቸው ካልሆኑ ማነው ሊባል አይደል? ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ወንድሟን የበላች እየተባልሽ ልታድጊ?» ድምፅዋ ደከመ። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይችሉታል አልኩ።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት፣ እማዬ?»

«እኔማ አንድ ዓመት ብዬ ነበር። ከፍ ስትል እነግራታለሁ፣ እሳቸውንም ፈልጌ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ ብዬ። ከዚያ የካሳሁን መርዶ መጣ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ፈተና ደረሰብሽ። ከዚያ…» እጇን አራገፈችው።

እሷ ለእኔ ብላ ዝም አለች፤ እኔ ለራሴ ብዬ። በሁለታችን ዝምታ መሐል አንድ ሰው ብቻውን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አረጀ።

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላ አልጠየቀችኝም። ምርኩዟን አነሣች። «በይ ባጃጅ ጥሪ። ጫማዬን አላወለቅሁም።»

ግቢው ትንሽ ናት፤ ጥምዝ ሽቦ አጥር፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ፀጉሯን ገና ታጥባ ፎጣ የጠመጠመች ወጣት ልጅ ከፈተችልን። የልጅ ልጃቸው ሳትሆን አትቀርም።

«መምህር ደረሰ አሉ?» አልኳት።

«አሉ፣ ምሳ እየበሉ ነው። ማን ልበል?»

ስሜን ልናገር ስል እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ፊት አለፈችኝ።

«ያለጥፋትዎ ያባረሩዎት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል በያቸው።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እየሳቀችም ልትነግራቸው ገባች።